እንጦጦን ከላይ ወደ ታች፦ ከአዲስ አበባ በፊት የነበረውን መናገሻ ለመጎብኘት የሚረዳ መመሪያ

የአዲስ አበባን ታሪክ በእግሩ ተጉዞ ማየት የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ ይጀምራል። ይህ መመሪያ ግን ጉዞው ከከተማይቱ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ ራስ ላይ ተጀምሮ ቁልቁል በመውረድ እንዲጠናቀቅ ይመክራል። ከተማይቱ ራሷ የመጣችው በዚሁ መንገድ ነውና፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ሠራዊቱና ካህናቱ አስቀድመው የሰፈሩት በተራራው ላይ ሲሆን፣ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ የወረዱት ኋላ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ጎብኚ እንጦጦን የመዝናኛ ስፍራ ወይም ከተማ መመልከቻ ሰገነት አድርጎ ብቻ ያየዋል፤ ከላይ ጀምሮ የሚወርድ ግን እያንዳንዱን ነገር በሆነበት ቅደም ተከተል ያገኘዋል።

ከመውጣትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን ዋና መቀመጫቸው አንኮበር ነበር። ግዛታቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ ሲሄድ አንኮበር ዳር ሆና ስለቀረች፣ ንጉሡ በወጨጫ ተራራ ጥቂት ጊዜ ከቆዩ በኋላ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ከተሙ። ምርጫው በአንድ በኩል ወታደራዊ ነበር፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ያሳያል፣ ዳገቱም ለሚወጣ ጠላት የሚመች አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ በአካባቢው የቀደሙት ነገሥታት፣ በተለይም የዐፄ ዳዊት፣ ከተማ እንደነበረ በትውፊት ይነገር ስለነበር፣ በተራራው ላይ የታዩት የድንጋይ ፍርስራሾች ይህን እምነት አጠንክረውታል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኩሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባረራ የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ተመልክታለች፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህችን ከተማ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ጋር ያያይዟታል፣ ሌሎች ደግሞ ይህን አይቀበሉም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ተራራው ግን ለኑሮ አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ውኃ እንደ ልብ አይገኝም፤ የማገዶ እንጨቱም በሠፈረው ሕዝብ ብዛት ቶሎ ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱ በተራራው ግርጌ ወዳለው ፍል ውኃ እየወረዱ ያርፉ ነበርና፣ የአየሩን ልዝብነት ስለወደዱ በዚያው ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ይህ የሆነው ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መኳንንቱ በአዲሱ ግቢ ዙሪያ ቦታ እየተመሩ ከነጭፍሮቻቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ ጎብኚው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ብትቆረቆርም፣ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ቀብተው ዘውድ የጫኑላቸውም አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ኑሮው ወደ ሜዳው ወርዶ ሳለ የመንግሥቱ ሥርዓት ግን ገና ከተራራው ላይ አልወረደም ነበር። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው እንጦጦ ማርያምን ከብዙዎቹ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት እንደ አንዱ አይቶ ያልፋታል።

ጊዜና ዝግጅት

ለዚህ ጉዞ የሚመረጠው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያለው ወቅት ነው። በመስከረምና በጥቅምት አየሩ ታጥቦ ስለሚጠራ እይታው ሩቅ ይደርሳል፣ ገደላገደሉም ገና ለምለም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ተራራውን ስለሚሸፍነውና ጭቃው ስለሚያዳልጥ ባይወጡ ይሻላል። በማናቸውም ወር ቢሆን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከላይ ቢደርሱ መልካም ነው፤ በዚያ ሰዓት በባሕር ዛፉ መካከል ለልምምድ የሚሮጡ አትሌቶችን ያገኛሉና፣ መንገዱን ቢለቁላቸው ደስ ይላቸዋል።

ቀኑን ሲመርጡ የቤተ ክርስቲያኑን አቆጣጠር ያስቡ። ወር በገባ በ1ኛው ቀን ራጉኤል፣ በ16ኛው ኪዳነ ምሕረት፣ በ21ኛው ማርያም ይከበራሉ፤ የራጉኤል ዓመታዊ በዓል መስከረም 1 ቀን ስለሆነ ከእንቁጣጣሽ ጋር ይገጥማል። ክብረ በዓሉን፣ ማኅሌቱንና የምእመናኑን ብዛት ማየት የሚፈልግ በእነዚህ ቀናት ይሂድ፤ ሕንፃውንና ሥዕሉን ተረጋግቶ መመልከት የሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ። በጾም ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሸሽ፣ በማለዳ የደረሰ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ ለማየት ከጠባቂዎቹ ጋር መነጋገር ያስፈልገዋል።

ነጠላ ወይም ጋቢ መያዝ አይርሱ፤ ለቤተ ክርስቲያኑም ሥርዓት ለብርዱም ያገለግላል። ጫማ በደጃፍ ስለሚወለቅ ለማውለቅ የማያስቸግር፣ ለዳገትና ለቁልቁለት ግን የጠና ጫማ ይሻላል። ውኃና ዝርዝር ብር ይያዙ፤ ለሙዚየሙ መግቢያ፣ ለሙዳየ ምጽዋትና ለታክሲ ትልልቅ ብር ማውጣት ያስቸግራል። ከፍታው ለልብና ለሳንባ ይከብዳልና፣ በተለይ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው እርምጃውን ቀስ ያድርግ።

መሄጃው ቀላል ነው። ከአራት ኪሎ ወይም ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ታክሲ ተሳፍረው ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ይይዛሉ። ረዳቱን «ማርያም ጋ» ቢሉት ይበቃዋል።

እንጦጦ ማርያም

ከቤተ ክርስቲያኗ እንደ ደረሱ ተሳልመው ወዲያው ከመግባት ይልቅ ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ይዙሩ። ሕንፃዋ ባለ ስምንት ማዕዘን ናት፤ በዙሪያዋ ሲዞሩ ጣሪያው፣ መስኮቱና በሩ ከየማዕዘኑ እንዴት እንደሚደጋገም ይታያል። ውስጧ እንደ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሦስት የተከፈለ ነው፤ ደባትሩ የሚዘምሩበት ቅኔ ማኅሌት፣ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስትና ታቦቱ ያለበት መቅደስ። ሥዕሎቹን የሚያገኙት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነውና፣ ሲመለከቱ በሮቹን ከሚጠብቁት ሊቃነ መላእክት ይጀምሩ፤ ከዚያ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችበትን ይፈልጉ፤ በአቅራቢያዋም ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ላይ ማግኘት በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል የተለመደ ነው። መጋረጃ የተጋረደበትን አልፎ ለማየት መሞከር ነውር ነው። ፎቶግራፍ ማንሳት ከፈለጉ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካህኑን «አባታችን፣ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅና ከመለሱ በኋላ መስቀል መሳለም በሩን ይከፍታል። በዕድሜ የገፉ አገልጋዮች ጊዜ ካገኙና ጠያቂው ከልቡ መሆኑን ካዩ፣ ከየትኛውም የተጻፈ መግለጫ የሚበልጥ ነገር ይነግሩዎታል፤ ስለዚህ ቸኩለው አይሂዱ።

በግቢው ውስጥ ያለው ሙዚየም የዐፄ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳት፣ ለቤተ ክርስቲያኗ የተሰጡ ንዋያተ ቅድሳትንና ስጦታዎችን ይዟል። አስጎብኚ ካለ ይከተሉት፤ ከሌለ ደግሞ በካባዎቹ ጥልፍ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የሐርና የወርቅ ክር ሥራውን ሲመለከቱ፣ ይህ ልብስ ከጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ተለብሶ ይወጣ እንደነበር ያስቡ፤ ቀጥሎ የሚያዩት ያንን ቤት ነውና።

የጭቃው ቤተ መንግሥት

በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ጉዞ እጅግ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሁለት ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚያልፈውም ይኸው ነው። እድሳት የተደረገለት የምኒልክ ቤተ መንግሥት ድንጋይ፣ እንጨትና ጭቃ ሆኖ በኖራ የነጣ፣ ጣሪያውም ሣር ክዳን ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል እብነ በረድና ሰፊ ደረጃ የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ያንስበታል። እንዳያንስብዎ በሚከተለው መንገድ ይመልከቱት።

በመጀመሪያ በራፉ ላይ ቆመው ዓይንዎ ከውስጡ ጨለማ ጋር እስኪላመድ ይጠብቁ። ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል የግድግዳውን ውፍረት ይመልከቱ፤ በጭድ የተለወሰ ጭቃ ይህን ያህል የሚወፍረው ለጌጥ ሳይሆን ብርዱን ለመከላከልና ሌሊት ሙቀት ይዞ ለማደር ነው። ከዚያ ቀና ብለው ጣሪያውን የተሸከሙትን ወራጆችና ማገሮች ይመልከቱ። በዚያ ዘመን አሠራር እንጨት ከእንጨት የሚያያዘው በሚስማር ሳይሆን በአብዛኛው በጠፍርና በልጥ ነበር፤ ጠፍሩ እርጥብ ሳለ ታስሮ ሲደርቅ እየጠበቀ ስለሚሄድ፣ ቤቱ በነፋስ ትንሽ ቢወዛወዝም አይላቀቅም። እንደዚህ ባለው ገላጣ ተራራ ላይ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ከዚህ በኋላ በዙሪያው ያለውን ባዶ መሬት ይመልከቱ፤ የመናገሻው አብዛኛው ክፍል የነበረው በዚያ ላይ ነውና። ሠራዊቱና ሎሌው በድንኳንና በጎጆ ተሰናድቶ ይኖር ስለነበር የተረፈ ሕንፃ የለውም።

የአሠፋፈሩ ሥርዓት የቆየ ነው። የነገሥታቱ ሠፈር በሄደበት ሁሉ ንጉሡ መካከል ሲሆኑ፣ ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ ይሰፍራሉ፤ እያንዳንዱም መኰንን በራሱ ጭፍራ ተከብቦ ይቀመጣል። ሠፈሩ ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ ላይ ሲተከል ይህ ልማድ አብሮ ወረደ። ራስ መኰንን ሠፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሠፈር፣ ሠራተኛ ሠፈር እያልን ዛሬ ለአሽከርካሪ የምንጠራቸው ስሞች ከዚያው የመጡ ናቸው።

ይህ ተራራ የእቴጌ ጣይቱም የመጨረሻ መኖሪያ ነበር። ምኒልክ ታመው ከተኙ በኋላ ሥልጣኑ ከእጃቸው የወጣው እቴጌ፣ ባለቤታቸው በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጥተው፣ ዘውድ ከጫኑባት ከማርያም አጠገብ በጸሎት ኖሩ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም.ም አረፉ። ከታች የተንጣለለችውን፣ ራሳቸው ስም ያወጡላትን ከተማ በእነዚያ ዓመታት በየቀኑ ይመለከቷት እንደነበር ማሰብ ልብ ይነካል። ስለ እንጦጦ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በ1879 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲወርድ ነው፤ ይህን የእቴጌዋን ዘመን መዝለል ግን ተገቢ አይመስለኝም።

ራጉኤልና የተራራው ጀርባ

ከማርያም ተነሥተው በተራራው ጀርባ በሚሄደው መንገድ ወደ ራጉኤል ያቅኑ። ይህም ባለ ስምንት ማዕዘን ሲሆን፣ ደረጃ በደረጃ በተደራረበው ጣሪያውና በደማቅ ቀለሙ ከማርያም ይለያል፤ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማየት ልዩነታቸውን ለመረዳት ይጠቅማል። በተራራው ያለው ጸበልም ከሩቅ ሀገር ሕሙማንን የሚያመጣ ነውና፣ ጸበልተኞችን ሲያገኙ ካሜራዎን ያስቀምጡ።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለቱንም ወገን የሚያሳይ ቦታ ፈልገው ይቁሙ። በሰሜን የሱሉልታ ሜዳ፣ በደቡብ ደግሞ መላው ከተማ ይታያል፤ አየሩ የጠራ ከሆነ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ከሩቅ ደግሞ ዝቋላ ይለያሉ። የቆሙበት ጀርባ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ተፋሰስ መለያ ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በቀበናና በቀጨኔ ወንዞች ከተማይቱን አቋርጦ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፤ በሰሜን በኩል የወረደው ግን ወደ ዐባይ ይሄዳል። በተራራው ላይ ያለው የደን ሁኔታ ሜዳ ላይ ያለውን ጎርፍ የሚወስነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ደኑን በተመለከተ፣ የሚያዩት ሁሉ ማለት ይቻላል የምኒልክ ዘመን እንግዳ ነው። የተራራው ጥንተ ነዋሪዎች ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበሩ። እነርሱ ለማገዶና ለቤት ሲያልቁ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር፤ ሐሳቡን ያስቀረው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከአንዱ ጉቶ አጠገብ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፦ ከሥሩ የበቀለው ለጋ ቅጠል ክብ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነው፤ ከትልቁ ዛፍ ላይ የሚወርደው ደግሞ ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ሁለቱ ግን የአንድ ዛፍ ቅጠሎች ናቸው። ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን መሬት ይመልከቱ፤ ከዛፉ ጥላ ሥር ሣር በብዛት ስለማይበቅል በዳገቱ ላይ አፈሩ በዝናብ ይታጠባል። ባሕር ዛፉ ከተማይቱን አቁሟታል፤ ተራራውን ግን አራቁቶታል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱን ብቻ ይዞ መሄድ አይገባም። ጽዱንና ወይራውን ዳግመኛ ለምልሞ ማየት የሚፈልግ ሰው በሌላ ቀን በተራራው ምዕራባዊ ጎን ወደሚገኘው 705 ሄክታር ስፋት ወዳለው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ይሂድ።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ለቤተሰብ መዝናኛ መልካም ነው፤ ከታሪኩ በኋላ እንጂ በፊት ባይገቡበት እመርጣለሁ፣ የጠዋቱ ሰዓት እዚያ ያልቃልና። ባለ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የጠፈር ምልከታ ማዕከልም በዚሁ ተራራ ላይ ይገኛል፤ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መውረጃው

ቁልቁለቱን ሲይዙ ከዋናው መንገድ አይራቁ፤ በጫካው ውስጥ ብቻዎን ከሆኑ በተለይ። በመንገዱ ላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶችን ያገኛሉ። ይህ ሸክም ከተማይቱ እንጀራዋን የጋገረችበት ማገዶ ሲሆን፣ እነዚህ እናቶችም ከላይ ያዩት ታሪክ አካል ናቸው። መንገድ ይልቀቁላቸው፤ «እናቴ፣ አይዞሽ» ማለት ይበቃል፤ ፎቶግራፍ ግን አያንሱ።

ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሀገር ልብስ ሱቆች ተደርድረው ይገኛሉ። በአካባቢው ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ወይም አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ፣ የመጡ ናቸው። ነጠላ ወይም ጋቢ ሲመርጡ ጨርቁን ወደ ብርሃን ያንሱት፤ ማጉ፣ ማለትም አግድም የሚገባው ክር፣ የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ጥለቱንም ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ፤ ጥሩ ሸማኔ የሠራው ጥበብ በጀርባው በኩል ክሩ አይንጠለጠልም።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም በአራት ኪሎ በኩል ወደ ፍል ውኃ በታክሲ ቢወርዱ የሠፈሩን አወራረድ ተከትለው ይጨርሳሉ። ጊዜ ከተረፈዎ ታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ባለችው በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ምኒልክ፣ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ የተቀበሩበትን ይሳለሙ። በየካ ተራራ ላይ ያለውን፣ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለውንና ጣሪያው የወደቀውን የዋሻ ሚካኤልን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግን በዚሁ ቀን አይሞክሩት፤ መውጫው በሌላ አቅጣጫ ስለሆነና ራሱን የቻለ ግማሽ ቀን ስለሚወስድ ለብቻው ይሂዱበት።

ያለዎት ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ ፓርኩንና ሽሮ ሜዳን ይተዉ፤ ራጉኤልንም ከውጭ ብቻ ያዩት። ማርያምን፣ ሙዚየሙንና የጭቃውን ቤተ መንግሥት ግን ሳያሳጥሩ ይዩ።